መሪው የሚንቀጠቀጠው ወይስ ጎማው የሚያጉረመርመው? ያገለገለ አይሱዙ ለምትገዙ

ባለፈው ክረምት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ያገለገሉ አይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪናዎች አየን። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንደኛው ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ እጅ ያደነዝዛል። ሁለተኛው ለስላሳ ነው። ብቻ ከፊት በረዳቱ በኩል የታፈነ ጉርምርምታ አለው። ሬዲዮ ከተከፈተ አይሰማም። ወንድሜ ወዲያው ለስላሳውን መረጠ። እኔ የሚንቀጠቀጠውን አልኩ። እዚያው መንገድ ዳር ቆመን ተከራከርን።

አብዛኛው ገዢ እንደ ወንድሜ ነው የሚወስነው። መንቀጥቀጥ ስለሚያስደነግጥ መኪናውን ጥሎ ይሄዳል። ጉርምርምታን ግን "የጎማ ድምፅ ነው" ብሎ ያልፈዋል። በእኛ መንገድ ላይ ለሚሠራ መኪና ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ጉርምርምታው ነው።

ምክንያቱም መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ከጎማ ወይም ከቸርኬ (ጎማው ከሚገጠምበት ብረት) ይመጣል። ያንን ጎሚስታ ጋ ሄዶ ማየትም መቀየርም ይቻላል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ ግን ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገው ብረት፣ ሊሆን ይችላል። የኩሽኔታው ዋጋ ራሱ አይደለም የሚያስፈራው። የተበላ ኩሽኔታ ብዙ ከተነዳ የተቀመጠበትን ዘንግ ይፍቃል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሐረጎን አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመጠምዘዣ ላይ መጠምዘዣ እያለፉ ይወርዱታል። ጭነቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይመጣል። የፍሬን ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ኩሽኔታው ያልፋል፤ ግሪሱ ይቀጥናል። ግሪሱ እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት (“ሲል” የሚባለው) ካረጀ ደግሞ ግሪሱ ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ይነካል። ከዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ቁልቁለት ላይ፣ ጭነት ይዞ።

እና ለሙከራ የት ነው የሚነዳው? ሻጩ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ቢያዞራችሁ ምንም አትሰሙም። ፍጥነት የለማ። ሐረጎም አይሆንም፤ እዚያ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍሬኑ ሁሉ ይግላል። ከሐርቡ አልፎ ወደ ከሚሴ የሚወስደው የጨፋ ሜዳ ይሻላል። የነዳጁን ሒሳብ እናንተ ቻሉ። ሬዲዮ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ደላላው ወሬውን ለጊዜው ያቁም።

ሜዳው ላይ 60 ገደማ ስትደርሱ፣ መንገዱ ነፃ ከሆነ፣ ማርሹን ለአፍታ ዜሮ አድርጉት። ሞተሩ ዝቅ ብሎም ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ ከሚሽከረከረው ክፍል ነው ማለት ነው። ይህን ቁልቁለት ላይ በጭራሽ አትሞክሩት። ቀጥሎ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ በጥቂቱ አዙሩት። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ሁልጊዜ ልክ አይሆንም፤ ግን ጥሩ ጥቆማ ነው። አስፋልቱ ከሻካራ ወደ ልሙጥ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ደግሞ ጎማው ነው። ኩሽኔታ አስፋልት አይመርጥም።

መንቀጥቀጡን የምትለዩት መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያቆም በማየት ነው። በተወሰነ ፍጥነት ላይ መጥቶ ሲያልፉት የሚቀንስ ከሆነ ባላንስ የጎደለው (ክብደቱ ዙሪያውን እኩል ያልሆነ) ጎማ ነው፤ ቀላል ነው። በዝግታም ሲሄድ የሚያንገዋልል ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል፣ ወይም የጎማው የውስጥ ሽፋን ተላቋል። እንዲህ ዓይነቱ ጎማ ላይ እጅ ሲዳበስ እብጠት ይገኛል። ሳይውል ሳያድር ይቀየር። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል።

ከመንቀጥቀጥ ወገን የምሸሸው አንዱን ብቻ ነው። ጎማው ጉድጓድ ከመታ በኋላ መሪው ግራና ቀኝ መወራጨት ይጀምራል፤ ፍጥነት ካልቀነሱለት አይቆምም። ይህ ብዙ ጊዜ የኪንግ ፒን (የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ፒን) ወይም የታይሮድ (የመሪውን እንቅስቃሴ ለጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) መበላት ነው። ባላንስ አያድነውም። እንዲህ ያለ መኪና ከሚያጉረመርመው አይሻልም።

ኩሽኔታንና ኪንግ ፒንን የሚለየው ክሪክ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙና ፊቱን አንሱ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተወላወለ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ እናንተ እንደገና ነቅንቁ። መወላወሉ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ኪንግ ፒን ነው። እኔ ይህን ሙከራ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ ከተወላወለ የመሪውን መገጣጠሚያዎች እዩ። በመጨረሻ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። ጥሩ ኩሽኔታ ዝም ብሎ ይዞራል። የተበላው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንኮሻኮሻል።

ከሜዳው ጉዞ ስትመለሱ፣ ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ቁሙና የእያንዳንዱን የፊት ጎማ መሃል በጥንቃቄ ዳስሱ። መጀመሪያ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን ለኩ፤ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ተጨናንቋል ወይ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል።

ሻጮች የሚሠሩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኩሽኔታው ሲወላወል ዳዶውን ያጠብቁታል፣ አዲስ ግሪስ ይሞሉበታል። መወላወሉ ይጠፋል፤ ድምፁም ለጥቂት ቀን ይለዝባል። የተቦረቦረው ብረት ግን እዚያው ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ዳዶ ደግሞ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ የፊት ጎማው መሃል ላይ ብቻ ትኩስ ግሪስና በቅርቡ የተፈታ ዳዶ ካያችሁ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። ያረጀ መኪና ላይ ከፊት ብቻ ሁለት አዲስ ጎማ ካያችሁም እንዲሁ። አሮጌዎቹን አሳዩኝ በሉ። በአንድ ጎን ብቻ የተበላ ጎማ ስለ ኪንግ ፒኑና ስለ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክነት) ይናገራል።

ፒካፕ ለምትገዙ አንድ ቃል ብቻ። ባለ አራት ጎማ ጉልበት ሃይሉክስ ላይ መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ በዝግታ ስትነዱ "ቀጭ ቀጭ" ካለ የፊት አክሱ መገጣጠሚያ ነው እንጂ ኩሽኔታ አይደለም።

ወደ እኛ ልመለስ። የሚንቀጠቀጠውን ጎሚስታ ጋ ወሰድነው። የግራው ጎማ ላይ እብጠት ተገኘ። ክሪክ ላይ ሲወጣ ምንም አልተወላወለም። የሚያጉረመርመውን ሻጩ ስለፈቀደልን ሜካኒክ ከፈተው። ኩሽኔታው ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዘንጉም ተፍቋል። ወንድሜ ጣቱን ዘንጉ ላይ አሳልፎ ጭረቱን ሲነካው ክርክሩ አለቀ። የመጀመሪያውን የሁለት ጎማ ዋጋ አስቀንሰን ገዛነው። ጎማዎቹን እዚያው ኮምቦልቻ ቀይረን፣ ባላንስ አስደርገን፣ በማግስቱ ጠዋት ሐረጎን ወጣነው።