ውሻ ላለበት ግቢ በክረምት፦ ሰርዶ፣ ኪኩዩ፣ ሰው ሰራሽ ሳር ወይስ ድንጋይ?

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ አላባራ ሲል፣ ግቢው ውስጥ ውሻ ያለው ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚጠብቀው ነገር ይታወቃል። በረንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ የጭቃ ዱካ ነው። የእኛው ቡቺ ሌሊቱን ሙሉ አጥር ለአጥር ሲሮጥ ያድርና ንጋት ላይ በሩ ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል። አጥሩ ሥር ያለው ሳር አንድ ክንድ ያህል ስፋት ተገፎ ጥቁር ጭቃ ወጥቶታል። መሃሉ ግን ምንም አልሆነም፤ ለምለም ነው።

ሳር ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት ይህችን ነገር በደንብ እዩልኝ። ውሻ ግቢውን ሁሉ እኩል አይረግጥም፤ የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ የምትመርጡት ለግቢው ሁሉ አንድ ነገር ሳይሆን ለመንገዱ ሌላ፣ ለቀረው ሌላ ነው።

በክረምት ሳሩን የሚገድለው ሽንት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሽንት ሳር የሚያቃጥለው ውስጡ ባለው ናይትሮጅንና ጨው ነው፤ ዝናብ ደግሞ ቶሎ ያጥበዋል። መሃሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ደማቅ አረንጓዴ የሆነው ክብ ምልክት ጎልቶ የሚታየው በበጋ ነው። የክረምቱ ገዳይ እግር ነው። በተለይ ወደ አቃቂ በኩል እንዳለው አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ከሆነ፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል። የሳሩ ሥርም አየር ያጣል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ሰርዶን የማያውቅ የለም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ እንኳ ታውቀዋለች። ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ሲታጨድ ያምራል፣ የበጋውን ድርቅ ይችላል። ግን ፀሐይና ሙቀት ይወዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመናና ብርድ ነው። ውሻ የገፈፈውን ቦታ ሰርዶ በእነዚህ ወራት መልሶ ለመሸፈን ይዘገያል። ግድግዳ ወይም ዛፍ የሚያጠላበት ቦታ ላይማ ጭራሽ ይሳሳል።

ኪኩዩ በተፈጥሮው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው። ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ነው። ብርዱ አይከብደውም፤ በክረምት የሚያድግበት ፍጥነት ያስገርማል። ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ስለሚሳብ ውሻ ቢቧጥጠውም ከጎን መጥቶ ይደፍነዋል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ በዚህም የተነሳ የውሻው እግር አፈሩን በቀጥታ አይነካውም። ችግሩ ድፍረቱ ነው። አበባ መደብ ውስጥ ይገባል፣ በንጣፍ ድንጋይ መሃል ይወጣል፣ አንዴ ከገባ ነቅሎ መጨረስ ከባድ ነው። በየሳምንቱ ማጨድም ይጠይቃል። አበባ ለሚወድ ቤት አስቸጋሪ ነው። ቢሆንም ለክረምትና ለውሻ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ከተባልኩ ያለማመንታት ኪኩዩ እላለሁ።

የትኛውንም ብትወስዱ በካሬ የሚሸጠውን ምንጣፍ ሳር ገልብጣችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ነጭና የተጠላለፈ ሥር ካለው ይይዛል። አፈሩ ብቻ የሚረግፍ ከሆነ ተዉት። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተክላችሁ ውሻውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አርቁ። ግቢው ነሐሴ ላይ ጭቃ ሆኖ ከደረሳችሁ ግን መስከረምን ጠብቁ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐዩም ይመለሳል። ሳሩ እርጥብ ሆኖ አትጨዱ፤ ስታጭዱም ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አትቁረጡ።

ሰው ሰራሽ ሳር ጭቃን በአንድ ቀን ያጠፋል፤ ይህ እውነት ነው። ለትንሽ ግቢ፣ ለኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ ለትንሽ ውሻ ጥሩ ነው። ግን በካሬ ውዱ እሱ ነው፤ ገንዘቡም የሚድነው ከሥሩ በሚሠራው ሥራ ነው። አፈር ላይ ሲነጠፍ ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ንጹህ ጠጠር፣ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ያስፈልገዋል። አንድ ዘመዳችን ገረጋንቲ ደልድሎ ላዩ ላይ አነጠፈው። ገረጋንቲው አፈር ስላለበት ውሃውን ያዘ። በክረምት ዝናቡ እያጠበው አልታወቀም ነበር፤ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ግቢው በሽንት ሽታ አላስቀምጥ አለ። ስትገዙ ጀርባውን አዩና ማሳለፊያ ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጡ፤ ሱቁ ውስጥ ውሃ አፍስሱበት። ስታጥቡት ደግሞ በረኪና አትጠቀሙ፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ውሃ የተቀላቀለበት አቼቶ ይበቃል።

ድንጋይ ለውሻው መንገድ ነው። ኮብልስቶን ጠንካራ ነው፣ አይበላም፤ ጥላ ባለበት ግን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያወጣና ያንሸራትታል። ጠጠር ከመረጣችሁ ድቡልቡሉን ፈልጉ። ከፋብሪካ የሚመጣው የተሰበረ ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ የሚሮጥ ውሻን መዳፍ ይጎዳል።

እኔ ብሆን አጥር ሥር ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ስፋት ኮብልስቶን ወይም ጠጠር፣ መሃሉን ኪኩዩ፣ በሁለቱ መካከል ሳሩ የማያልፈው የድንጋይ ጠርዝ አደርጋለሁ። በረንዳው ፊት ደግሞ አንድ ካሬ ጠጠር፤ ውሻው እግሩን ሳያውቀው ይጠርግበታል። ኪሳችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ሳሩን ተዉትና አጥሩ ሥር ያለውን የውሻውን መንገድ ሥሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ የውሻውን ኩስ በየቀኑ አንሱ። በውስጡ ያሉት የትል እንቁላሎች እርጥብ አፈር ውስጥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውን ሊያሳምሙ ወደሚችሉበት ደረጃ ይደርሳሉ፤ ግቢው ውስጥ የሚድኹ ልጆች ካሉ ይህ ከጭቃው በላይ ያሳስባል።

መረሬ ላይ ጠጠር የምታፈሱ ከሆነ መጀመሪያ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ከዚያ ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ አንጥፉና ጠጠሩን በላዩ ላይ አፍስሱ። ያለ ጨርቁ ካፈሰሳችሁት በሚቀጥለው ክረምት ጠጠሩን ጭቃው ውጦት ታገኙታላችሁ።