ያቺን ፌስታል ላስከፈቱት ዶክተር

ሰላም ወገኖቼ። ይሄን ምስጋና ሳልጽፍ ማደር ከብዶኛል።

እህቴ በ2003 ዓ.ም. ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ታማ ጥቁር አንበሳ ኬሞም አንገቷ ላይ ጨረርም ወስዳለች። ያኔ በአገራችን የጨረር ሕክምና ያለው እዚያ ብቻ ነበር፤ ወረፋውን የጠበቀ ያውቀዋል። ዳነች፣ አገባች፣ ወለደች። እኛም ረሳነው። ዘንድሮ ግራ ጆሮዋ ድፍን አለ። አንዱ ክሊኒክ ጠብታ ሰጣት፣ ሌላው አጠበላት፣ ሦስተኛው አንቲባዮቲክ አዘዘላት። አምስት ወር እንዲሁ ሄደ።

በሰው ጥቆማ እኚህ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ደረስን። ጆሮዋን አይተው አላበቁም። ሻርፗን ገለጥ ሲያደርጉ የድሮውን ጠባሳ አዩና «ይሄ ምንድን ነው እህቴ?» አሏት። እማዬ ያን ሁሉ ዓመት ወረቀቷን ያስቀመጠችበትን ፌስታል አወጣች። «እናቴ፣ ይሄን እስካሁን ማንም አልጠየቀዎትም?» ብለው አንድ በአንድ አነበቡት፣ ውጭ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቀ።

ከዚያ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገቡ። ስክሪኑ ላይ እኔም አየሁት፤ ከአፍንጫ ጀርባ፣ በግራ በኩል፣ ቀላ ያለ እብጠት። ከጆሮ የሚመጣው ቱቦ አፉ እዚያ ነው፤ ሲታፈን ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ለካ ጆሮዋ ምንም አልሆነም! አዋቂ ሰው አንድ ጆሮው ብቻ ተደፍኖ አልሻል ሲለው ከአፍንጫ ጀርባ መታየት አለበት ብለውናል።

ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ የድሮው አገረሸ ብለን ተላቀስን። አይደለም፣ ሌላ አዲስ ካንሰር ነው። ጨረር ከወሰዱት መሀል ጥቂቶቹ ላይ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጨረሩ ባረፈበት ወይም በአጠገቡ ሁለተኛ ካንሰር ሊነሳ እንደሚችል፣ እዚህ ቦታ ላይ ግን ብርቅ እንደሆነ ቁጭ አድርገው አስረዱን። እህቴ «ጨረሩ ነው የጎዳኝ?» ስትላቸው «ያኔ ባትወስጂው ልጅሽን አታያትም ነበር» አሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

ፌስታሏ አሁንም ጠቅማናለች። የድሮው ጨረር መጠንና ያረፈበት ቦታ ተጽፎ ስለተገኘ፣ የአሁኑን የሚያሰሉት ባለሙያዎች ከዚያ ተነስተው ነው የሠሩት። ሕክምናውን ጀምራለች።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምነውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሚሠሩበትን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮ ወረቀታችሁን ሁሉ ያዙ።