በቱሉ ዲምቱ የሚገኝ የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ማዕከል፦ የስምንት ወር ትዝብት

ልጄ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ከሱቅ ወደ ክፍል በተቀየሩ ሦስት ክፍሎች ውስጥ በሚሠራ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ተምራለች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ስለሆነ ለመመላለስ አልተቸገርንም። ጉድለቱንም ስለምጽፍ ማዕከሉን በስም አልጠራውም፤ ይሁን እንጂ በከተማው ዳርቻ ተመሳሳይ ማዕከላት በየሕንፃው ስላሉ፣ የምለው ነገር ልጁን ለማስመዝገብ ለሚያስብ ወላጅ መመዘኛ ይሆነዋል ብዬ አምናለሁ።

የልጄ ምኞት አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ቂሊንጦ ላይ ስለሆነ ጎረቤታችን ነው፤ ነገር ግን እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ እሱም የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ ብቻ አያስገባም። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ በራሱ ፈተና መቀበል ጀምሯል። ብሔራዊ ፈተናው ራሱ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ምን ያህል እንደጠበቀ ሁላችንም አይተናል፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች ያለፉት 48,929 ሲሆኑ፣ ይህም 8.4 በመቶ ነው። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ተመራጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያስብ ተማሪ ግማሹን ካለፈ በኋላ ደግሞ ካለፉት ጋር እንደሚወዳደር ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰጠው ትምህርት መካከለኛ ነው። የሒሳብና የኬሚስትሪ መምህራኑ ጉዳያቸውን ያውቃሉ፤ የባዮሎጂው ትምህርት ግን ሾርት ኖት ከማስገልበጥ ብዙም አያልፍም። በየሳምንቱ የሚታደለው ወርክሺት ብዛቱ ወላጅን ያስደስታል፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የወረቀቱን ውፍረት እያየሁ ገንዘቤ በትክክል እየዋለ ነው ብዬ ነበር። ልጄ ግን የመማሪያ መጽሐፉን ትታ ወርክሺቱን ብቻ ይዛ መቀመጥ ጀምራ ስለነበር፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ መጽሐፉ ምዕራፎች ለመመለስ ብዙ መታገል ነበረብን።

የማዕከሉ ዋጋ ያለው ቅዳሜ ጠዋት ላይ ነው። ተማሪዎቹ ከሁለት ሰዓት በፊት ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፣ ስልክና ካልኩሌተር በካርቶን ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ከዚያም የሁለት ትምህርት ሞዴል ፈተና በተወሰነ ሰዓት ይሰጣል። አርፍዶ የመጣ ተማሪ የጎደለበት ደቂቃ አይጨመርለትም። ይህ ለአንዳንድ ወላጆች ጭካኔ መስሎ ስለታያቸው ቅሬታ ሲያቀርቡ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ልጄ በኅዳር ወር በስልሳ ደቂቃ ውስጥ ከአርባ የሒሳብ ጥያቄዎች አሥራ አንዱን ሳትነካ ወረቀቷን ስትሰጥ፣ በሚያዝያ ደግሞ ሁሉንም ጨርሳ ለመከለስ ጊዜ ሲተርፋት ስላየሁ፣ ደንቡ እንዲላላ ፈጽሞ አልፈልግም።

ከፈተናው በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ደግሞ ከፈተናው ይበልጣል። እያንዳንዱ ተማሪ የስህተት ደብተር አለው፤ በደብተሩ ላይ የሳተውን ጥያቄ ገልብጦ ከጎኑ ምክንያቱን በገዛ ቃሉ ይጽፋል። አንድ ቅዳሜ ልጄን ልወስድ ሄጄ በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ጥያቄው የሎጋሪዝም ነበር፤ ስሌቱ 4 እና ኔጌቲቭ 2 የሚሉ ሁለት መልሶች ይሰጣል፤ እሷም ሁለቱንም የያዘውን ምርጫ አክብባለች። መምህሩ «ስሌቱን የት ጋ ተሳሳትሽ?» ሲላት «አልተሳሳትኩም» አለችው። «እንግዲያው ኔጌቲቭ 2ን መልሰሽ ጥያቄው ውስጥ አስገቢውና እዪው» አላት። አስገባችው። የኔጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም እንደሌለ ታውቃለች፤ መልሳ አለማረጋገጧ ነበር የጣላት። መምህሩም መልሱን ራሱ አልጻፈላትም፤ «ይህን ያላወቅሽው ነው ወይስ የቸኮልሽበት?» ብሎ ጠይቋት ወደ ቀጣዩ ተማሪ አለፈ። እሷም «አውቀዋለሁ፤ አላረጋገጥኩም» ብላ ጻፈች።

በግምት ያገኙትን ትክክለኛ መልስም እንደ ስህተት ቆጥረው እንዲመዘግቡ ማድረጋቸው በተለይ ልቤን የነካው አሠራር ነው። ተማሪ ውጤቱን ሲያይ በግምት ያገኘውን እንደሚያውቀው ስለሚቆጥረው፣ ያ ክፍተት እስከ ዋናው ፈተና ተሸፍኖ ይሄዳል። የልጄ ደብተር መጋቢት ላይ ሲገለጥ ከስህተቶቿ አብዛኞቹ በፊዚክስ ሳይሆን፣ ጥሩ ነኝ በምትለው በሒሳብ በጥድፊያ የተፈጠሩ ሆነው ተገኙ፤ የጥናት ሰዓቷንም በዚያ መሠረት አስተካከልን።

የአፕቲትዩድ ዝግጅቱ ግን ደካማ ነው። ይህ ትምህርት በብሔራዊ ፈተናው ውስጥ ራሱን የቻለ ፈተና ሆኖ ሳለ፣ ማዕከሉ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ያውም ለስድስት ክፍለ ጊዜ ብቻ። የቃላት ዝምድናና የአመክንዮ ጥያቄ በወር ሙሉ በሙሉ የሚጠና ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሠራ ነው የሚለመደው። እኛ ከጥር ጀምሮ ማታ ማታ ቤት ውስጥ አሥር አሥር ጥያቄ እናሠራት ነበር። ለዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ፈተና ደግሞ የተለየ ዝግጅት አልነበራቸውም፤ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በአዲስ ዓመት ዙሪያ ከተነገረ በኋላ ለዚያ የሚቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ክረምቱን እያረፈ የሚያሳልፍ ተማሪ ይቀደማል። ልጄ ሐምሌና ነሐሴን ያጠናችው በዚያው የስህተት ደብተሯ ነው።

ሌላም ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የፊዚክስ መምህር ተቀያየረ፤ አንዱ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ሲደገም ሌላው ሳይነካ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ አርባ ስድስት ተማሪ ቆጥሬያለሁ፤ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ሰሌዳውን አያይም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተሰጠ ሳለ፣ ማዕከሉ አንድም ኮምፒውተር ስለሌለው ልጄን ስክሪን ላይ አንብቦ ወረቀት ላይ ማስላት እንድትለምድ ኢንተርኔት ካፌ ወስጄ አለማምጃታለሁ። በር ላይ የተለጠፈው «ዩኒቨርሲቲ መግባትን እናረጋግጣለን» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ መነሣት አለበት፤ ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ አንድም ቅዳሜ ያልቀረች ልጅ ማለፊያውን አላመጣችም፤ እናቷም ያንን ጽሑፍ አምና ነበር የከፈለችው።

ልጄ ብሔራዊ ፈተናውን አልፋ፣ የመግቢያ ፈተናውንም ተፈትና ቂሊንጦ ገብታለች። ከማዕከሉ ያገኘችው ነገር ሰዓት መጠቀምና የራሷን ስህተት ፊት ለፊት ማየት ነው፤ የቀረውን በመጽሐፏና በትምህርት ቤቷ ሠርታዋለች።

ክፍያው በዚያ ዓመት በወር 1,500 ብር ነበር፤ ለሳምንቱ ሙሉ ትምህርት ይህን ያህል መክፈል ይበዛል ባይ ነኝ። ለቅዳሜው ፈተናና ለደብተሩ ክፍለ ጊዜ ብቻ መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ዘንድሮ ጠየቅሁ፤ በ600 ብር ይቻላል፤ ማስታወቂያቸው ላይ ግን አይጽፉትም። ታናሽ ወንድሟን 11ኛ ክፍል ላይ ያስመዘገብኩት በዚሁ መልክ ነው።