የጠረጴዛ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ በደሴ፦ ከክረምት እስከ ሚያዝያ ከጎረቤት ጋር ስንጠቀምበት

ቴሌስኮፑን ባለፈው ነሐሴ ከውጭ የገባ ዘመዴ ነው ይዞልኝ የመጣው። አሁን ሚያዝያ ነው። የክረምቱን ጉም፣ የበጋውን ብርድና የበልጉን ደመና አይቶበታል። ብዙ እጅም ነክቶታል። ስለዚህ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ደፍሬ የምነግረው ነገር አለኝ።

ዓይነቱ የጠረጴዛ ዶብሶኒያን የሚባለው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚዞረው ነው። ዋናው መስታወቱ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የትኩረት ርዝመቱ፣ ማለትም ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት፣ 650 ሚሊ ሜትር ነው። ቱቦው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ያጥራል፤ ከነመቀመጫው 6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በባጃጅ ጭን ላይ ተይዞ ይሄዳል። ሁለት ማያ ሌንሶች አብረውት ይመጣሉ፦ ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ 26 ጊዜ፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ 65 ጊዜ ያጎላል። በዚህ መጠን የሚሠሩት ድርጅቶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የምለው ነገር ለሁሉም ያገለግላል። ውጭ አገር ከ200 እስከ 300 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል።

የገዛሁት ለብቻዬ ላይበት አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለጨረቃዋ ስንል፣ ተሰብስበን ሰማይ እናያለን። ልጆች፣ ተማሪዎች፣ እናቶች፣ ከመስጊድ የሚመለሱ አባቶች፣ ማንም ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነት ምሽት ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አላውቅም። ሞተር የለውም፤ የሚሞላ ባትሪ የለውም፤ የሚስተካከል ሦስት እግር የለውም። በእጅ ገፋ ታደርገዋለህ፣ ይዞራል። የስምንት ዓመት ልጅ አንዴ ካየ በኋላ ለቀጣዩ ሰው ራሱ ያሳያል።

ይህን ንድፍ ያስተዋወቀው ጆን ዶብሰን ነው። ለ23 ዓመት በገዳም የኖረ መነኩሴ ነበር። ቴሌስኮፕ የሚሠራው ከተጣለ ወፍራም መስታወትና ከእንጨት ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ሆኖ የእግረኛ መንገድ ላይ ቴሌስኮፕ እያቆመ አላፊ አግዳሚውን «ና፣ ጨረቃን እይ» ማለት ጀመረ። የዕቃው ባሕርይ አሁንም ያንኑ ነው። መንገድ ዳር ላይ ሰው ሲሰለፍበት ያምርበታል።

መጀመሪያ ተሰብስበን የፈተንነው ጳጉሜ 2 ቀን 2017 በሙሉው የጨረቃ ግርዶሽ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የተጋረደችው ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52 ነበር። ክረምት ስለሆነ ደመናው ሲከፈት ሲዘጋ አመሸ። በተከፈተ ቁጥር በዝቅተኛው ሌንስ ጨረቃን በሙሉ፣ ደም የመሰለ ቀይ ቀለሟን ይዛ አየናት። የጎረቤቴ እናት ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ጨረቃ ገና ሳትሞላ፣ በዚሁ ቴሌስኮፕ አይተው «ያ ረቢ! ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጉድጓድ የሷ ነው?» ብለውኝ ነበር። ልክ ናቸው፤ ጉድጓዶቹ በደንብ የሚታዩት ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ነው። ያኔ ብርሃኑ በጎን ስለሚመታቸው ጥላ ይጥላሉ። ሙሉ ጨረቃ ስታበራ ግን ጥላ ስለሌለ ገጽዋ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እንግዳ ስትጠሩ ጨረቃ ስድስት ሰባት ቀን ሲሆናት ጥሩ።

ሳተርን ላይ ብዙ ሰው ቅር ብሎት ነበር። በሥዕል የለመደውን ሰፊ ቀለበት ጠብቆ ይመጣል፤ የሚያየው ግን ዶቃ ላይ እንደገባ ክር የቀጠነ መስመር ነው። ጥፋቱ የቴሌስኮፑ አይደለም። ቀለበቱ በየ15 ዓመቱ ገደማ ጠርዙን ወደ ምድር ያዞራል፤ ይህ የሆነው በመጋቢት 2017 ነው። በበጋው ወራትም ገና አልተከፈተም ነበር። ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ቀድሜ ለሰልፈኛው መንገር ከጀመርኩ ወዲህ ያቺን ቀጭን መስመር የሚያያት ሰው ሁሉ በአድናቆት ነው። ታይታን የተባለችው ትልቋ ጨረቃው ደግሞ በዚህ መጠን ያለ ችግር ትታያለች።

ጁፒተር ግን ካሳ ሆነልን። ጥር 2 ከፀሐይ ትይዩ ስለነበር ከማታ እስከ ንጋት አመሸልን። በ65 ጊዜ ሁለቱ ቡናማ መቀነቶቹ ይለያሉ። ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች አንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል፤ በማግስቱ ሲመጡ ቦታ ተለዋውጠዋል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ነጥብ እየነጠቡ ይዘዋቸው ነበር። አዮ የተባለችው ጁፒተርን የምትዞረው በ42 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጆቹ ከሥዕላቸው ተነስተው ፈጣኗ እሷ መሆኗን ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት። ለእኔ የገንዘቡን ዋጋ የመለሰልኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ቴሌስኮፕ ምን ያሳያል የሚለውን ግማሹን የሚወስነው መስታወቱ ነው፤ ግማሹን የሚወስነው የቆምክበት ጨለማ ነው። ጨረቃና ፕላኔት ፒያሳ መሀል ላይም ይታያሉ። ሌላው ግን አይታይም። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ከከተማው መሀል መሀሉ ብቻ፣ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ቦሩ ሜዳ ወጥታችሁ ብታዩት ከማያ ሌንሱ ዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። የኦሪዮን ኔቡላ የተባለው የጋዝና የአቧራ ደመናም እንዲሁ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ዓይን፣ በግማሽ ሰዓት መንገድ ልዩነት ብቻ። ትልቅ መስታወት ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ቢኖር መጀመሪያ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ከከተማ ይውጣ እላለሁ።

መብራት የጠፋ ማታማ ሰፈራችን ራሱ ሌላ ነው። ፍኖተ ሐሊብ ከጣሪያ በላይ ይታያል። እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ከላያችን ያለው አየር ስስ ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። ይህን የመሰለ ሰማይ ያለው ከተማ ጥቂት ነው። ወደ ሐረጎ ወጣ ብለን ስናይ የኮምቦልቻ ብርሃን በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሰማዩን ሲያነጣው ይታያል። አዳዲሶቹ ነጭ የኤልኢዲ መብራቶች ሰማያዊ ብርሃን ስለሚበዛባቸው በአየሩ ውስጥ ይበልጥ ይበተናሉ። መብራት ይቅር የሚል የለም፤ ማታ የሚወጣ ሰው መንገዱን ማየት አለበት። ግን ቆብ ኖሮት ወደ ታች ብቻ ቢያበራ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ቢያደላ፣ መንገዱም ይታያል፣ ሰማዩም ይተርፋል። በእኛ ሰፈር ጎረቤቶች ተስማምተው በምሽቱ የበረንዳ አምፖላቸውን ያጠፋሉ። ያለ ክርክር ነው የተስማሙት፤ አንዴ ካዩ በኋላ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገም።

ዓይንም ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰው ስልኩን ቦግ ሲያደርገው የሁሉም ልፋት ይጠፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የስልክ ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል ደራርቦ ማሰር። ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ያን ያህል አይረብሽም።

ወደ ጉድለቱ ልሂድ። አንደኛው ጤዛ ነው። የደሴ ጉም የታወቀ ነው። ቱቦው መሀሉ ክፍት ስለሆነ በአፉ በኩል ያለችው ትንሿ መስታወት በቶሎ ትጤዛለች፤ የጎን መብራትም ይገባል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ጥቁር ጨርቅ እንደ እጅጌ አሰፋሁለት። ወጪው ትንሽ ነበር፤ ለውጡ ትልቅ። ይህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ያሰፋ። ሁለተኛው መቀመጫው ነው። ቺፑድ ነው፤ እርጥብ ሣር ላይ ሲያድር ጠርዙ ማበጥ ጀመረ። ጠርዙን ቀለም ቀብቼ አቆምኩት። ሦስተኛው ከፍታው። የጠረጴዛ ቴሌስኮፕ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ደግሞ ሜዳ ላይ የለም። እኛ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን እንጠቀማለን። ለልጆች ልክ ነው፤ ለአዋቂ በርጩማ ይቀርባል።

መንገዱ ሲያንገጫግጨው መስታወቶቹ መስመር ይስታሉ። ከኋላው ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ እያዞሩ መመለስ ይቻላል። ከለመዱት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ደካማ ነው፤ አቅም ካለ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት እሱ ነው። ለተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ ቴሌስኮፑ ጨርሶ አያገለግልም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ጀሚኒዶች ሲወርዱ ሳጥኑ ውስጥ ተውነውና ሰሌን ላይ ተጋድመን፣ ጋቢ ደርበን በባዶ ዓይን አየን።

ከበጋው ሁሉ አብልጬ የምወደው ቡና የተባለውን ኮከብ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ሆነ። ኮከቡ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተባለ። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ በዚህ ቴሌስኮፕ ግን ከከተማ ውስጥም ይገኛል። አልማክና አልጎል የተባሉትን ሁለት ደማቅ ኮከቦች ፈልጉ። መካከላቸው ላይ ኤም34 የተባለው የከዋክብት ስብስብ አለ፤ ቡና ከሱ አንድ ዲግሪ ፈቀቅ ብሎ ነው። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሰሜን ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ፕላኔቱን ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ነጥብ ኮከቡ ነው። ሆኖም በዚያ ብርድ፣ ከሰል ላይ ጀበና ተጥዶ፣ «አቦል ጀባ» እየተባለ ስኒው ሲዞር፣ ሰው ሁሉ ያችን ነጥብ ደግሞ ደጋግሞ ለማየት ይሰለፋል። ከጁፒተር ይልቅ ለሷ የሚመለስ ሰው አለ።

ደሴ ከሰማይ ጋር የቆየ ታሪክ አላት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ መልካም ምልክት ነው ብለው ከተማዋን እንደቆረቆሩ ይነገራል። በ1882 እ.ኤ.አ. የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ በቀን፣ ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር ይታይ ነበር። ይህን ስነግራቸው መምሬም ሐጂም ቀና ብለው የጦሳን ተራራ አሻግረው ያያሉ።

ጦሳ ግን ለአንድ ነገር እንቅፋት ነው። በምዕራብ በኩል ስለቆመ የረመዳን ቀጭን ጨረቃ ከመታየቷ በፊት ተራራው ይሸፍናታል። ዘንድሮ ሐጂ «ልጄ፣ ያን ዕቃህን ይዘህ ከፍ ያለ ቦታ እንውጣ» አሉኝና ምዕራቡ ወደሚገለጥበት ወጣን። ፀሐይ ጨርሳ ሳትጠልቅ ቴሌስኮፑን ወደዚያ ማዞር ክልክል ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ከጠለቀች በኋላ በዝቅተኛው ሌንስ ዝቅ ብሎ መፈለግ ነው።

አሁን ተራው የደቡቡ ሰማይ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ አውሮፓውያን የማያዩትን የደቡብ መስቀል እናያለን። ሌሊቱ ሲገፋ ኦሜጋ ሴንታውሪ ከፍ ትላለች። 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት አንድ ላይ የታጨቁባት ናት። በጨለማ ቦታ ይህ ቴሌስኮፕ ዳር ዳሩን ወደ ነጠላ ኮከቦች ይበትናታል። የበልጉ ደመና ከተገለጠ በዚህ ወር ቦሩ ሜዳ እንወጣለን። ሌሊት ስለሆነ እንደተለመደው ለቀበሌው ቀድመን እናሳውቃለን።

የቀረኝ ግዢ የፀሐይ ማጣሪያ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው በሉክሶር፣ በጅዳና በመካ ላይ ያልፋል፤ እኛ ዘንድ በከፊል ይታያል። ማጣሪያው የሚገጠመው በቱቦው አፍ ላይ ነው እንጂ በማያ ሌንሱ በኩል አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከአሁኑ አስይዙት፤ ግርዶሹ ሲቃረብ ገበያ ላይ ይጠፋል።