ኪሞኖ፣ ዩካታ፣ ሃኦሪ ወይስ የሐራጁኩ ጃኬት? የጃፓን ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት

የመጀመሪያውን ኪሞኖዬን የገዛሁት በፎቶ አይቼ ነው። ሰማያዊ ሐር ነው፤ ጫፉ ላይ ነጫጭ ወፎች ተስለውበታል። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ሻጩም «ለሁሉም ሰው ይሆናል» ብሎ ጽፎበታል። ደርሶኝ ስለብሰው እጅጌው ክንዴ መሐል ላይ ቀረ። ቁመቱ ልክ ነው፣ ወገቡ ልክ ነው፣ እጅጌው ግን አልደርስም አለ። አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ያን ጊዜ ማወቅ የነበረብኝን ነው ዛሬ የምጽፈው። የጃፓን ልብስ ሲባል ከሐር ኪሞኖ እስከ ሐራጁኩ (የወጣቶች ፋሽን የሚታወቅበት የቶኪዮ ሰፈር) ቲሸርት ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል። ለገዢ ግን በጣም የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። እኛ ልብስን የክትና የዘወትር ብለን እንለያለን አይደል? እዚህም መጀመሪያ እሱን ወስኑ። በዓመት አንዴ የሚወጣ የክት ልብስ ነው የምትፈልጉት ወይስ ነገ ጠዋት ለብሳችሁት የምትወጡት? (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ኪሞኖ ወይስ ዩካታ

ኪሞኖ በጃፓንኛ «የሚለበስ ነገር» ማለት ነው። ድሮ ሁሉም ሰው የሚለብሰው እሱን ስለነበር ነው ስሙ እንዲህ የቀለለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከዕለት ልብስነት ወጣ። አሁን የሠርግ፣ የሻይ ሥነ ሥርዓት፣ የምረቃ ልብስ ነው። በፈረንጆቹ ጥር ወር ሁለተኛ ሰኞ ወጣቶች ለአቅመ አዳምና ሔዋን መድረሳቸው ሲከበርም ይለበሳል። ጥርት ያለ የክት ልብስ ማለት ነው።

አሠራሩን ማወቅ ለግዢ ይጠቅማል። ኪሞኖ የሚሠራው ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ነው። የጥቅሉ ስፋት ወደ 37 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር ነው። ጨርቁ ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ በሰውነት ቅርጽ የሚከረከም ነገር የለም። ስለዚህ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚባል ነገር እዚህ ብዙ አይሠራም። የሴት ኪሞኖ ቁመት ከለባሿ ቁመት ጋር ከተቀራረበ ይበቃል፤ ትርፉ ወገብ ላይ ታጥፎ በመቀነት ይያዛል። የወንዱ ግን ወገብ ላይ አይታጠፍም፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ልክ መሆን አለበት።

ወሳኙ ልኬት «ዩኪ» ይባላል። ከማጅራታችሁ አጥንት ጀምራችሁ በትከሻ ላይ አሳልፋችሁ እስከ እጅ አንጓ ትለካላችሁ። የጨርቁ ስፋት የተወሰነ ስለሆነ እጅጌ እንደልብ አይረዝምም። የድሮ ኪሞኖዎች ደግሞ የተሰፉት አጠር ላሉ ሰዎች ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኼ ነው። ሻጩ ዩኪውን በሴንቲ ሜትር ካልነገራችሁ አትግዙ።

ሌላው ወጪ ከኪሞኖው ውጪ ያለው ነው። መቀነቱ፣ ማለትም ኦቢው፣ ለብቻው ይሸጣል። ለትልቅ ድግስ የሚታሰረው ከአራት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አንዳንዴም ከኪሞኖው ይወደዳል። ከሥር የሚለበስ ጁባን፣ አውራ ጣት የተለየበት ታቢ ካልሲ፣ ዞሪ ጫማ፣ ማሰሪያ ክሮች ሁሉ ይጨመራሉ። እሱንም ገዝታችሁ ያለ ረዳት ማሰር ይከብዳል። ጃፓን ውስጥ ኪሞኖ አለባበስ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኪሞኖ የለባሹን ዕድሜና ጉዳይም ይናገራል። እጅጌው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው ፉሪሶዴ ያላገባች ልጅ ልብስ ነው። ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ሥዕል ያለው ቶሜሶዴ ያገባች ሴት ለቅርብ ዘመዷ ሠርግ የምትለብሰው ነው። አሁን ልብ በሉ። ሰልባጅ ቤት ስትገቡ ምንም ሥዕል የሌለው፣ አምስት ነጫጭ የቤተሰብ ምልክቶች ብቻ ያሉበት ጥቁር ሐር በጣም ርካሽ ሆኖ ታገኛላችሁ። ያምራል፣ ንጹሕ ነው፣ ጨርቁ ከባድ ነው። እሱ የለቅሶ ልብስ ነው። ስንት የውጭ አገር ሰው ሳያውቀው ገዝቶ ለፓርቲ ለብሶታል። እኛ የነጠላ ጥለት ወደ ላይ ሲዞር ሐዘን መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ሲለበስም የግራው ጎን ከላይ ይሁን። የቀኙ ከላይ የሚደረገው ሬሳ ሲገነዝ ነው።

እንግዲህ ዩካታን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ገበር የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ የሆነ የበጋ ልብስ ነው። ድሮ ከገላ መታጠቢያ ሲወጡ የሚደረብ ነበር፤ አሁን ለርችት ምሽትና ለበጋ ፌስቲቫል ይለበሳል። ጁባን አይፈልግም፣ ካልሲ አይፈልግም። መቀነቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ምሽት ተለማምዳችሁ ብቻችሁን ታስሩታላችሁ። ቤት ውስጥ ይታጠባል። ዩካታው፣ ኦቢውና «ጌታ» የሚባለው የእንጨት ጫማ አንድ ላይ በ5,000 እና በ10,000 የን መካከል ይገኛሉ። አዲስ የሐር ፉሪሶዴ ግን በመቶ ሺህዎች የን ነው፤ ዋጋው አይቀመስም።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ዩካታ ግዙ። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ለምትኖሩ በተለይ፣ ጥጡ ለሙቀት እጅግ ይመቻል። ኪሞኖ ለብሶ ፎቶ መነሣት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ደግሞ ኪዮቶ ወይም ቶኪዮ አሳኩሳ ሄዳችሁ ለአንድ ቀን ተከራዩ። አልባሾቹ ፀጉር ሳይቀር ይሠሩላችኋል። የሐር ኪሞኖ እገዛለሁ ላለ ሰው የምለው «ኮሞን» የሚባለውን እንዲፈልግ ነው። ሙሉው ጨርቅ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል የሚደጋገምበት ነው፤ ደረጃው ቀለል ያለ ስለሆነ የት ልልበሰው ብሎ መጨነቅ የለም።

ሃኦሪ፦ በገንዘቡ የሚበልጠው

ከሁሉም አንድ ምረጥ ብትሉኝ ሃኦሪን እመርጣለሁ። ኪሞኖ ላይ የሚደረብ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ፣ ዳሌ ወይም ጭን ላይ የሚቆም ካፖርት ነው። ዛሬ የቶኪዮ ወጣቶች በጂንስና በነጭ ቲሸርት ላይ ይደርቡታል፤ ሽክ ያደርጋል። መቀነት የለውም፣ ማጠፍ የለውም። የክት ሆኖ የተሰፋ ልብስ የዘወትር ሲሆን እንዲህ የሚያምር ሌላ አላየሁም። ሰልባጅ ገበያ ላይ የሐሩ ከ1,000 የን ጀምሮ ይገኛል።

የወንዶቹን ገልብጣችሁ እዩ። ውጪው ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ምንም የለበትም። ስትከፍቱት ገበሩ ላይ ነብር፣ ጭልፊት ወይም የፉጂ ተራራ ጀርባውን ሞልቶ ታገኛላችሁ። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) መንግሥት ነጋዴው ሕዝብ በልብስ እንዳይንጠባረር ሕግ አውጥቶ ነበር። ሀብታሙ ነጋዴ ታዲያ ውድ ውዱን ነገር ወደ ውስጥ ደበቀው። እቤት ገብቶ ሲያወልቀው ብቻ የሚታይ ጌጥ። እኔ ያለኝ አንድ ሃኦሪ ገበሩ ላይ ዝናብ ውስጥ የሚሄድ ሰው አለበት፤ ጥላውን የያዘበት ጣት ሳይቀር ተስሏል።

የወንድና የሴት መሆኑን ለመለየት ብብቱን እዩ። የሴቶቹና የልጆቹ ብብት ሥር ክፍት ነው፤ የወንዶቹ ተሰፍቷል። ከዚያ ጨርቁን ወደ መስኮት አቅርባችሁ ብርሃን ላይ ዘርጉት። ቡናማ ነጠብጣብ ካለ የእርጥበት ነው፤ አይለቅም። የአንገቱን ጠርዝና ብብቱን በጣት ዳብሱ፤ ላብ የበላው ሐር ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል። ትከሻው ላይ ስፌቱን በቀስታ ሳብ አድርጉ። ክሩ ድምፅ ካሰማ መልሱት። የናፍታሌን ሽታ ግን አያስፈራችሁ፤ ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ ስታናፍሱት እየለቀቀ ይሄዳል።

የሃኦሪ ዘመናዊ ተፎካካሪ ሱካጃን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች ዮኮሱካ ከተማ ውስጥ ለማስታወሻ ያሠሩት የነበረ፣ ጀርባው ላይ ዘንዶ፣ ነብር ወይም ንስር የተጠለፈበት የሚያብረቀርቅ ጃኬት ነው። ብዙዎቹ ተገልብጠው በሁለት በኩል ይለበሳሉ። ለሚሞቅና ለሚጠነክር ነገር ሱካጃን ይሻላል፤ ኪስና ዚፕ አለው። ጥሩው ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ጥልፉ ሳስቶ ይፈታል። ጥልፉን በጣታችሁ ዳብሱት። ክሩ ወፍሮ፣ አቅጣጫው እየተቀያየረ፣ የነብሩ ፀጉር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የሰው እጅ መርቶታል።

ሐራጁኩና ጎዳናው

በ1993 ኒጎና ጁን ታካሃሺ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሐራጁኩ ጓሮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የኒጎ ቤዚንግ ኤፕ (ቤፕ የምንለው) እና የታካሃሺ አንደርከቨር ከዚያ ነው ወጥተው ዓለምን ያዳረሱት። ዘዴያቸው ጥቂት ማምረት ነበር። ያጣ ሰው ይበልጥ ይመኛል። ኒጎ በ2021 የኬንዞ ፋሽን ቤት የፈጠራ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ ቤቱን ያቋቋመው ኬንዞ ታካዳ በ1970 ፓሪስ ላይ ሱቁን የከፈተ ጃፓናዊ ነው።

ለገዢ ያለው እውነት ይኼ ነው፦ ባለ ስም ቲሸርት ስትገዙ አብዛኛው ገንዘብ የሚከፈለው ለስሙ ነው። ስሙን የምትወዱት ከሆነ ችግር የለም፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን የቤፕ ዕቃ ፎርጅዱ ብዙ ነው። ከማያውቁት ሰው በኢንተርኔት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ቶኪዮ ኮኤንጂና ሺሞኪታዛዋ ሰፈሮች ያሉት የሰልባጅ ሱቆች ይሻላሉ፤ ብዙዎቹ ዕቃቸውን አይተው፣ ጉድለቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ነው የሚሸጡት። «ኪሱ ላይ ትንሽ ቆሻሻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ቆሻሻውን ፈልጌ ያጣሁበት ቀን አለ።

ሎሊታ የሚባለው ባለ ዳንቴል፣ ባለ ጉርድ ስታይል ውስጥ ብዙ አልገባም። ቀሚሱ ብቻውን አይቆምም፤ የውስጥ ጉርዱ፣ ሸሚዙ፣ ጫማው ሁሉ ተሟልቶ ነው የሚያምረው። በዚህ በኩል ከኪሞኖ ጋር አንድ ነው። ልኩም ጠባብ ነው። ዩኒክሎ የሚባለው የጃፓን ሱቅ ልብስም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከጃፓን ውጪ በብዙ አገር ስላለ ሻንጣችሁን በሱ አትሙሉ።

ጂንሱን አትለፉት

ኦካያማ ክፍለ ሀገር ውስጥ ኮጂማ የሚባል ቦታ አለ። ቀድሞ በተማሪ ዩኒፎርም የታወቀ ነበር። በ1960ዎቹ ጂንስ መስፋት ጀመረ፤ ዛሬ የጂንስ አፍቃሪ ከየዓለሙ እየመጣ የሚጎበኘው መንገድ አለው። እዚያም ሆነ ኦሳካ ያሉ ሠሪዎች በዝግተኛ የድሮ ማመላለሻ ማሽኖች የተሸመነ ጨርቅ ይጠቀማሉ። ጨርቁ ጠባብ ነው፤ ዳሩ በራሱ የተቋጨ ነው። የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ስታጥፉት የምታዩት ቀይ ክር ያለበት ነጭ ዳር እሱ ነው። ሰልቬጅ ይባላል፤ ከኛ ሰልባጅ ጋር አታምታቱት፣ አዲስ ዕቃ ነው።

ዋጋው ከ20,000 የን ይጀምራል፣ ከ30,000ም ያልፋል። ያልታጠበውን ከገዛችሁ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ይቆማል፣ ቀለሙም ነጭ ሶፋ ላይ ይቀራል። ሲታጠብ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ታጥቦ ያለቀ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ ግን የጉልበታችሁ እጥፋት፣ ስልክ የምትይዙበት ኪስ ሁሉ ላዩ ላይ ይጻፋል። ከቤፕ ቲሸርት ጋር ካወዳደርኩት ያለ ማመንታት ጂንሱን እመርጣለሁ። ዓመታት ይለበሳል፤ የተከፈለው ገንዘብ ጨርቁ ላይ ይታያል።

ወደ ጃፓን የምትሄዱ ከሆነ ሜትር ያዙ። የዘመናዊ ልብስ ልካቸው ትንሽ ነው፤ እኛ ሚዲየም የምንለው እዚያ ላርጅ ሊሆን ይችላል። ጫማ በሴንቲ ሜትር ነው የሚሸጠው። ኪዮቶ የምትደርሱት በፈረንጆቹ ወር በ21ኛው ቀን ከሆነ ቶጂ ቤተ መቅደስ ያለውን ገበያ አትለፉ፤ በማለዳ የሄደ ሰው ኪሞኖና ሃኦሪ ተከምሮ ያገኛል።

ሰማያዊውን ኪሞኖዬን ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ስፌቱ በእጅ ስለተሰፋ ክሩን በመርፌ ጫፍ እያነሣች ፈታችው። ገበሩን ወደ ጎን አደረገችና ሐሩን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው፦ ሁለት የአካል፣ ሁለት የእጅጌ፣ ሁለት የፊት፣ ሁለት የአንገት። ስምንት ቀጥ ያሉ ቁራጮች፣ አንድም የተከረከመ ነገር የለም። «ይኼ እኮ እንደገና ጣቃ ሆነ» አለች። ወፎቹ ያሉበትን ለእናቴ ሻርፕ አደረግነው። የቀረው እጅጌ የሌለው ጃኬት ሆነልኝ፤ ሐሙስ ዕለት ለብሼው ሥራ ሄጃለሁ።