ጫጩቱ ጥሩ፣ አመጣጡ መጥፎ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቢሾፍቱ ሁለት ጊዜ መቶ መቶ የአንድ ቀን ጫጩት አስመጥቻለሁ፣ ከሁለት የተለያዩ ሻጮች። ስማቸው ይቅር፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጫጩታቸው ምንም አይወጣለትም። እምብርታቸው የደረቀ፣ ዓይናቸው የነቃ፣ ማሬክ የሚባለውን የዶሮ በሽታ ክትባት እዚያው የተከተቡ። ግን ጠዋት ይደርሳል የተባለው ካርቶን ማታ 2 ሰዓት ደረሰ። መኪናው አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጭነት ሲጠብቅ ውሏል። ክዳኑን ስከፍት ሁሉም አንድ ጥግ ተደራርበዋል፣ ጩኸታቸው አንጀት ይበላል። የአንዷን እግር ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው በረዶ ነው።

ስደውልላቸው «አስኳል ሆዳቸው ውስጥ አለ፣ ሁለት ቀን አይርባቸውም» አሉኝ። አስኳሉ እውነት ነው፣ ጫጩት ስትፈለፈል ስንቋን ይዛ ነው የምትወጣው። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሷን ሙቀት መቆጣጠር አትችልም፣ ብርድ ሲመታት ለማደጊያ የተሰጣትን ስንቅ ለመሞቂያ ትጨርሰዋለች። ጭንቀቱ ሲበዛ ደግሞ ኮርቲኮስቴሮን የሚባል ሆርሞን ይጨምርና የገዛ ጡንቻዋን እያፈረሰ ወደ ስኳር ይቀይረዋል። አንጀቷም ምግብ ቶሎ ካልነካው እድገቱ ይዘገያል፣ በኋላ ብትበላም መኖው እንደሚገባው አይሆናትም። እኔ ቤት ይሄው ሆነ። 11 በሳምንት ውስጥ ሞቱብኝ፣ ከተረፉትም ብዙዎቹ ስታርተር (የጫጩት መኖ) እየበሉ ቀጭጨው ቀሩ። ካሳ ስጠይቅ «ከኛ ሲወጡ ደህና ነበሩ» ተባልኩ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ሁለተኛዎቹ ትንሽ ይወደዳሉ፣ ግን ይገባቸዋል። ሌሊት 10 ሰዓት ጭነው ረፋድ ላይ ደረሱ። ሹፌሩ ሸኖ ሲደርስ ደውሎ «ቤቱን አሙቀኸዋል ወይ?» አለኝ። አሙቄ ነበር፣ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ በቪታሚን፣ ወዲያው መኖውን ወረቀት ላይ በተን አድርጉ አሉኝ፣ እንዳሉት አደረግኩ። በማግስቱ ጠዋት አንገታቸው ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በጣቴ ስዳስስ ሙሉና ለስላሳ ነው። ጠጠር ቢል ኖሮ መኖ በልተው ውሃ አልጠጡም ማለት ነበር። ከመቶው 2 ብቻ ሞቱ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ካርቶናቸው ለደብረ ብርሃን ብርድ ቀዳዳው ይበዛል። ነግሬያቸዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ዙር የጎኑን ቀዳዳ በከፊል እንሸፍናለን ብለውኛል። 200 አዝዣለሁ።