ሁለት ፎም በማስቲሽ አጣብቄ ስምንት ወር ተኛሁበት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ጥቅምት ስሜን ተራሮች ስሄድ ስሊፒንግ ባጌን (የመኝታ ከረጢቴን) ተማምኜ ከሥሬ ያነጠፍኩት አንድ ስስ የስፖርት ምንጣፍ ብቻ ነበር። ያደርኩበት፣ ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ያን ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ከላይ ሞቆኛል፣ ከታች ግን ጎኔ በረዶ ሆነ። ስገላበጥ ነጋ።

አብረውን የነበሩት ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጋቢያቸውን ተከናንበው አጎዛ ላይ ነው ያደሩት። ጠዋት "እንዴት አደሩ ጋሼ?" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው ስትንፈራገጥ ያደርከው?" አሉኝ። አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀን በውስጡ ባመቀው አየር ነው። ስንተኛበት የሥረኛው ወገን ይጨፈለቃል፣ አየሩም ይወጣል። ከዚያ መሬቱ ሙቀታችንን ይመጥጠዋል። ስለዚህ ከሥር ብንተኛበትም የማይጨፈለቅ ነገር ያስፈልጋል። የፎም ጥቅሙ ይኸው ነው፣ አየሩ በጥቃቅን ዝግ ቀዳዳዎች ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የስካውቱ አጎዛም ሥራው ያው ነው። እሳቸው ግን ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

ኅዳር ላይ ማት፣ ማለትም ከስሊፒንግ ባግ ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ ራሴ ልሠራ መርካቶ ወረድኩና ሁለት ፎም ገዛሁ። አንዱ ፎም ለልጆች መጫወቻ ምንጣፍ የሚሠራበት ዓይነት ኢቫ ነው። ሌላው ከፓርኬ ሥር የሚነጠፈው ነጩ ፖሊኢትሊን። ሁለቱም 10 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው። ማጣበቂያው ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው። ሁለቱንም ፊት በስሱ ቀብቶ፣ ጣት ሲነካው እስከማይለጠፍ ድረስ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ አንዴ ከተገናኙ ማስተካከል የለም። እኔ ከእግርጌ በኩል አጣምሜ ስላገናኘሁት እስከዛሬ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ተዛንፏል። ደግሞ በረንዳ ላይ ሥሩት። እኔ ክፍል ውስጥ ጀምሬው ራሴን አዞረኝ፤ ሽታው ቀልድ አይደለም።

ሙቀቱን በተመለከተ አላማርርም። ታኅሣሥ መንዝ፣ ጓሳ ላይ አደርኩበት። ጥር ላይ እዚያው ጨነቅ ተመለስኩ፣ ያው ስሊፒንግ ባግ፣ ያው ካልሲ። ጎኔ አልቀዘቀዘም። ይህን ስል ግን ፍራሽ ላይ የተኛሁ እንዳይመስላችሁ። በጎን ለሚተኛ ሰው 2 ሳንቲሜትር ፎም ዳሌን ከድንጋይ አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማስቲሹ ሙቀት አይጨምርም። የማት አምራቾች ቅዝቃዜ የመከላከል አቅምን አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካሉ፣ ሁለት ማት ሲደራረብ ቁጥሩ ይደመራል። ባለ 2 በባለ 2 ላይ 4 ይሆናል። ቢጣበቅም ባይጣበቅም ያው ነው። የእኔዎቹ የመርካቶ ዕቃ ስለሆኑ ቁጥር የላቸውም፣ ሕጉ ግን አይለወጥም። ታዲያ ለምን አጣበቅኩ? እንዳይንሸራተት። ተዳፋት ላይ የተተከለ ድንኳን ውስጥ ሁለት ልቅ ፎም ሌሊቱን ይለያያል፣ ሰውየው መሃል ላይ ይወድቃል። ማስቲሹ ያስወገደልኝ ይህንን ብቻ ነው።

በምትኩ ያመጣብኝ ጣጣ ደግሞ አለ። ሲጠቀለል የውጭኛው ንጣፍ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ መዞር አለበት። ልቅ ቢሆኑ ይንሸራተቱና ይስማማሉ። የእኔ ግን ሙሉ በሙሉ ተጣብቋል፣ ስለዚህ ውስጠኛው ተሸበሸበ። ሽብሽቡ በሦስተኛው ጉዞ ወደ መሰነጣጠቅ ሄደ። ጥቅሉም የጋዝ ሲሊንደር ያክላል። ስሜን ላይ በቅሎ ስለሚሸከመው ግድ አልሰጠኝም። ሚያዝያ ወንጪ ስሄድ ግን ሸካሚው እኔው ነበርኩ፣ ሚኒባስ ውስጥም ጭኔ ላይ አስቀምጬው ነው የተጓዝኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ልጄ፣ ቤት እየቀየርክ ነው?" አሉኝ።

መላቀቁም አልቀረም። ኢቫው ማስቲሹን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ፖሊኢትሊን ግን ተፈጥሮው ሙጫ አይወድም፣ እንደ ሰም ነው። ወንጪ ላይ ዝናብ መታን፣ ማታ ስዘረጋው ጠርዙ እንደ እንጀራ ተገልብጧል። ድጋሚ ብሠራው ሁለቱንም ኢቫ አደርግ ነበር። ክብደቱ ይጨምራል፣ ግን ይያያዛል። ማስቲሹንም ሁሉም ቦታ አልቀባም። ራስጌ ላይ አንድ መስመር ብቻ። ሲጠቀለል ከራስጌ ይጀመራል፣ ሌላው እንደልቡ ይንሸራተታል፤ ሲዘረጋ ደግሞ ሰውየው ስለሚተኛበት ብዙም አይሸሽም።

ፋብሪካ የሠራውን ወፍራም ማት ግዛ የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው፣ ይቀላል፣ በሥርዓት ይታጠፋል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ያለው ቢያስመጣ ይሻለዋል። እኔ የሚያመጣልኝ ሰው የለኝም። ትናንት የተላቀቀውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ እንደገና ቀባሁት። አሁን በረንዳው ላይ ሙቀጫ ተጭኖበት ተኝቷል።